በመረሬ አፈር ላይ ከነባር ቤት ጎን ክፍል መጨመር፦ የመሠረቱ ጉዳይ

ጥቁር አፈር፣ እንደየአካባቢው መረሬ፣ ዋልካ ወይም ኮትቻ የሚባለው፣ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ ደግሞ የሚኮማተርና የሚሰነጠቅ የሸክላ አፈር ነው። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ይሸፍናል፤ በዚህ አፈር ስፋት ሀገሪቱ በአፍሪካ ከሱዳንና ከቻድ ቀጥላ ትመደባለች። ለጤፍ፣ ለሽምብራና ለጓያ የተመቸ ነው፤ የአደአና የበቾ ሜዳዎች ስም ያወጡት በእርሱ ነው። ለገበሬው የሚጠቅመው ውሃ የመያዝ ኃይሉ ግን ቤት ሠሪውን የሚጎዳውም እርሱ ራሱ ነው።

በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ሥር ያለው የሰሜኑ ወገን በአብዛኛው ቀይ አፈር ነው። ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሜዳው እየተዘረጋ ሲሄድ፣ በቦሌ፣ በለቡ፣ በአቃቂና በቃሊቲ በኩል፣ ጥቁሩ አፈር ይበዛል። ከተማዋ በቅርብ አሥርት ዓመታት የሰፋችው ይበልጡን በዚሁ አቅጣጫ በመሆኑ በመረሬ ላይ የቆመው ቤት ብዙ ነው። ግቢ ያለው ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ አንድ ነገር መጨመሩ አይቀርም፦ ሰርቪስ ቤት፣ ኩሽና፣ መታጠቢያ ቤት፣ ለልጆች ክፍል፣ በመንገድ በኩል ሱቅ ወይም የሚከራይ ክፍል።

በዚህ አፈር ላይ አዲስ ቤት መሥራትና በቆመ ቤት ጎን ክፍል መጨመር አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም። ለአዲስ ቤት ዋናው ጥያቄ አፈሩ ምን ያህል ይነሣል፣ ምን ያህልስ ይወርዳል የሚለው ነው። ለተጨማሪ ክፍል ግን ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ነባሩና አዲሱ ምን ያህል ተለያይተው ይንቀሳቀሳሉ የሚለው ነው። መላው ቤት እኩል ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢነሣ ነዋሪው ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። አንዱ ባለበት ቆሞ ሌላው ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲነሣ ግን ግድግዳ ይከፈታል፣ በር አልዘጋ ይላል፣ ቧንቧ ይሰበራል። መሠረትን የሚመለከት ውሳኔ ሁሉ መመዘን ያለበት በዚህ ልዩነት ነው።

የአፈሩ ባሕርይ

መረሬ በብዛት የሚገኘው ከባዛልት ድንጋይ መፈራረስ የተገኘ ደቃቅ አፈር ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ነው። ለእብጠቱ ምክንያት የሚሆነው ስሜክታይት የሚባለው የማዕድን ቤተሰብ፣ በተለይም ሞንትሞሪሎናይት ነው። ይህ ማዕድን እጅግ ስስ ከሆኑ ንብርብሮች የተሠራ ሲሆን ውሃ በንብርብሮቹ መካከል እየገባ ያራርቃቸዋል። የአንድ ግራም ሞንትሞሪሎናይት ጠቅላላ ገጽ ሲሰላ እስከ 800 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ በቀይ አፈር ውስጥ የሚበዛው ካኦሊናይት ግን ከ10 እስከ 20 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። ሁለቱ በአንድ ዝናብ ሥር ፍጹም የተለያየ ጠባይ የሚያሳዩት ስለዚህ ነው።

እንቅስቃሴው እስከ ምድር ውስጥ ድረስ እኩል አይደለም። ከላይ ያለው አፈር በሐምሌና በነሐሴ ጠግቦ በመጋቢትና በሚያዝያ ይደርቃል። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ልዩነቱ እየጠበበ ይሄድና ከአንድ ጥልቀት በኋላ የአፈሩ እርጥበት ዓመቱን ሙሉ ሳይለወጥ ይቆያል። ከላይ እስከዚያ ያለው ክፍል ተንቀሳቃሹ ንብርብር ይባላል። ጥልቀቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ከመጽሐፍ ተገልብጦ ሊወሰድ አይችልም፤ በየቦታው ተቆፍሮ፣ ከየጥልቀቱ ናሙና ተወስዶ፣ እርጥበቱ ተለክቶ ነው የሚታወቅ። በክረምቱ ማብቂያና በበጋው ማብቂያ የተወሰዱ ናሙናዎችን ማነጻጸር ይበልጥ ያስተማምናል።

ሌላው የማይዘነጋ ነገር ክብደት ነው። አፈሩ ሲያብጥ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል በቤተ ሙከራ ሲለካ በካሬ ሜትር ከ10 ቶን በላይ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ይህን ግፊት በክብደቱ ሊጫነው ይችላል። ባለ አንድ ወለል የብሎኬት ክፍል ግን በመሠረቱ ሥር በካሬ ሜትር የሚያሳርፈው ጭነት ከዚህ ያንሳል። ስለዚህ ይበልጥ የሚጎዱት ትልልቆቹ ሕንፃዎች ሳይሆኑ አጥሮች፣ ሰርቪስ ቤቶች፣ በረንዳዎችና ተቀጥያ ክፍሎች ናቸው። ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የሚታይ አይደለም። የአሜሪካ መሐንዲሶች ኧርል ጆንስና ዌስሊ ሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ግምት የሚያብጥ አፈር በሀገራቸው በዓመት 2.3 ቢሊዮን ዶላር ጉዳት እንደሚያደርስ፣ ይህም ጎርፍ፣ አውሎ ነፋስና የመሬት መንቀጥቀጥ አንድ ላይ ተደምረው ከሚያደርሱት እንደሚበልጥ ጽፈዋል። ከጉዳቱ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ቀላል ሕንፃዎችና መንገዶች ናቸው።

የቀድሞው የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት በዚህ አፈር ላይ ከብሎኬት ቤት ይልቅ ታጋሽ እንደነበር መታወስ አለበት። ማገርና ምሰሶ ስለሚተጣጠፉ መሬቱ ሲነሣም ሲወርድም ግድግዳው አብሮ ያዘነብላል እንጂ አይበጠስም፤ ስንጥቁም በሚቀጥለው ምርጊት ይደፈናል። ሲሚንቶና ብሎኬት ግን ደረቅ ናቸው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ይበቃቸዋል። ስለዚህም በጭቃ ቤት ጎን የብሎኬት ክፍል ሲቀጠል አፈሩ አንድ ሆኖ ሳለ መገናኛቸው ላይ ያለው ችግር እጥፍ ይሆናል።

በነባሩ ቤት ሥር የተጠራቀመው እርጥበት

ቤት ሲሠራ መሬቱ ይከደናል። ፀሐይ ከወለሉ ሥር ያለውን አፈር ስለማታደርቀው እርጥበት ቀስ በቀስ ከታችና ከዙሪያው እየተሳበ ወደ መሐል ይሰበሰባል። ይህ በአንድ ክረምት አይጠናቀቅም፤ ዓመታት ይፈጃል። በመጨረሻ የቤቱ መሐል ከሞላ ጎደል ጸጥ ይላል፤ የቤቱ ዳር ግን ከወቅቱ ጋር መነሣቱንና መውረዱን ይቀጥላል። የብዙ ነባር ቤቶች ታሪክ ይህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሰነጠቃሉ፣ ይለሰናሉ፣ ከዚያ በኋላ ይረጋጋሉ። ባለቤቱም ቤቱ አሥራ አምስት ዓመት ሲቆም ምንም አልሆነም ብሎ ከጎኑ ሊቀጥል ይነሣል።

ቅጥያው ሲመጣ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይደርሳል። አንደኛ፣ አዲሱ ክፍል የሚቆምበት አፈር ያንን የመረጋጋት ዘመን ገና አልጀመረም፤ በበጋ ከተሠራ ደግሞ በደረቀ አፈር ላይ ነው የሚጀምረው። ሁለተኛውን ብዙዎች አያስቡትም። እስከ ትናንት የነባሩ ቤት ዳር የነበረው ግድግዳ ዛሬ የቤቱ መሐል ሆኗል። ያ ዳር ለዓመታት በየበጋው ሲደርቅ ኖሯል፤ አሁን ግን በሁለቱም ወገን ስለተከደነ መድረቁን ያቆምና እርጥበት መሰብሰብ ይጀምራል። ስለዚህ ነባሩ ቤት ራሱ፣ ማንም ሳይነካው፣ አዲሱ ክፍል ከተጣበቀበት ከዚያው መስመር በታች መነሣት ሊጀምር ይችላል። ከግንባታው በኋላ በነባሩ ሳሎን ውስጥ አዲስ ስንጥቅ ሲወጣ ግንበኛው ይወቀሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ይህ የተለወጠ እርጥበት ነው።

በዚህ ላይ ሰዎች የሚጨምሩት ክፍል ብዙውን ጊዜ ውሃ የሚገባበት ነው፤ ኩሽና ነው፣ መታጠቢያ ቤት ነው፣ ልብስ ማጠቢያ ነው። ስለዚህ ገና ያልተረጋጋው አፈር ላይ አዲስ የውሃ መስመርና አዲስ የፍሳሽ መስመር አብረው ይመጣሉ። የምታንጠባጥብ አንዲት መገጣጠሚያ ከአንድ ክረምት ዝናብ የከፋ ጉዳት ታደርሳለች፤ ዝናቡ በዙሪያው እኩል ሲወርድ እርሷ ግን አንድ ጥግ ብቻ ታጠጣለችና።

የሁለቱን እንቅስቃሴ በመገናኛው ላይ ማንበብ ይቻላል። በነባሩና በአዲሱ መካከል ያለው ክፍተት ወደ ላይ እየሰፋ ከሄደ የአዲሱ ክፍል ውጭኛ ጫፍ ወርዷል ማለት ነው፤ ይህ በበጋ ይብሳል። ክፍተቱ ከታች ሰፍቶ ከላይ ከጠበበ ውጭኛው ጫፍ ተነሥቶ ክፍሉ ወደ ነባሩ ተደግፏል፤ ይህ ደግሞ በነሐሴና በመስከረም ይታያል። በግንቦት ተከፍቶ በመስከረም የሚዘጋ ስንጥቅ የወቅት እንቅስቃሴ ነው። ዓመት ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያድግ ከሆነ ግን የሚፈስ ውሃ፣ የተቆረጠ ዛፍ ወይም ያልተጠቀጠቀ ሙሌት መፈለግ አለበት።

ከመቆፈር በፊት

ማስፋፊያ እንደማንኛውም ግንባታ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከፈቃዱ ወረቀት ይልቅ ለቤቱ የሚጠቅመው ግን የአፈር ምርመራ ነው። በትንሽ ክፍል ላይ ይህ ወጪ እንደ ቅንጦት ይታያል፤ መሆን አልነበረበትም። መሠረት አንዴ ከተቀበረ በኋላ ማረሙ ከአዲስ ሥራ ይበልጥ ያስወጣል።

መጀመሪያ የሚመሰክረው ግቢው ራሱ ነው። በሚያዝያ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው መሬት፣ ዘንቦ ሲያባራ ጫማ ላይ ተጣብቆ የሚከብድ ጭቃ፣ ያዘመመ አጥር፣ ሲከፈት መሬት የሚፍቅ የብረት በር፣ በጎረቤት ቤት ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ፣ ሁሉም መልስ ይሰጣሉ። ቀለም ብቻውን አያስተማምንም፤ ግራጫም ቡናማም ሆኖ የሚያብጥ አፈር አለ።

ቀላሉ የቤተ ሙከራ ፍተሻ ነጻ እብጠት የሚባለው ነው። አፈሩ ደርቆ ይፈጭና 0.425 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይነፋል። ከዱቄቱ 10 ሚሊ ሊትር ተለክቶ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በሚይዝ ባለ መስመር የብርጭቆ ሲሊንደር ውስጥ ቀስ ብሎ ይጨመራል። ዱቄቱ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሲያድር ከሥር ያለው ጥቁር ድርድር ወደ ላይ አድጎ ይገኛል። 10 መስመር ላይ የነበረው 20 መስመር ላይ ከደረሰ እብጠቱ 100 በመቶ ነው። ከ50 በመቶ በታች የሆነ አፈር ለቀላል ቤት ብዙ አያሠጋም፤ 100 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የተለመደው መሠረት አይበቃውም ማለት ነው። ከዚህ ጋር የአፈሩ የመለጠጥ መጠን ይለካል፤ ይህ ቁጥር ከ35 በላይ ሲሆን አፈሩ በጣም ከሚያብጡት ወገን ይመደባል። የእብጠቱን ግፊት ማወቅ ሲያስፈልግ ደግሞ ሳይበጠበጥ የወጣ ናሙና በመጭመቂያ መሣሪያ ውስጥ ተደርጎ ይጠጣል፤ ለመሐንዲሱ ስሌት የሚረዳው ከሁሉም በላይ ይህ ነው።

ለቅጥያ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው ጉድጓድ ግን በነባሩ ግድግዳ ሥር የሚቆፈረው ነው። የነባሩ መሠረት የድንጋይ ግንብ ይሁን ፉቲንግ፣ ምን ያህል ወርዶ እንደቆመ፣ ወደ ውጭ ምን ያህል እንደተዘረጋ፣ በሥሩ ያለው አፈር እርጥብ ይሁን ደረቅ የሚታወቀው በዚህ ነው። ፕላኑ ላይ ያለውና መሬት ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ አይመሳሰልም።

የመሠረት አማራጮች

በከተማው በስፋት የሚሠራበት ዘዴ የታወቀ ነው። ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፈራል፣ በድንጋይ ግንብ ይሞላል፣ ከወለሉ ሥር 25 ሳንቲ ሜትር ሃርድኮር ይነጠፋል፣ በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ይፈሳል፣ ከዚያ ብሎኬቱ ይጀመራል። በቀይ አፈር ላይ ይህ በቂ ነው። በመረሬ ላይ ግን መሠረቱ ያረፈው ይበልጥ በሚንቀሳቀሰው ንብርብር ላይ ነው፤ የድንጋይ ግንብ ደግሞ ሲጫኑት እንጂ ሲስቡትና ሲያጎብጡት አይችልም። ሃርድኮሩም በድንጋዮቹ መካከል ባዶ ቦታ ስላለው ከዳር የገባ ውሃ እየተጠራቀመበት ከወለሉ ሥር የተደበቀ ኩሬ ይሆናል። ግንቡን ማወፈር መፍትሔ አይሆንም፤ የወፈረውም ያው የሚነሣ አፈር ላይ ነው የተቀመጠው።

አፈሩን አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት ሁለተኛው የተለመደ መንገድ ነው። በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ እየተጠቀጠቀ ከተሠራ የእብጠቱን ኃይል ይቀንሳል። ነገር ግን ውሃ የሚያሳልፍ ሙሌት ውሃ በማያሳልፍ ሸክላ ውስጥ ሲቀመጥ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል፤ የክረምቱን ውሃ ይዞ የታችኛውን መረሬ ዓመቱን ሙሉ ያጠጣዋል። ስለዚህ ሙሌቱ የማያብጥ ብቻ ሳይሆን ውሃም በቀላሉ የማያሳልፍ እንዲሆን፣ ከግድግዳው ውጭም እንዲዘረጋና ከላይ እንዲከደን ይፈለጋል። በነባር ቤት ጎን ደግሞ ሌላ ገደብ አለበት፦ ከነባሩ መሠረት በታች ሰፊ ጉድጓድ መክፈት ነባሩን ማጋለጥ ነው።

ይበልጥ የሚያስተማምነው መንገድ ጭነቱን ከተንቀሳቃሹ ንብርብር በታች አውርዶ ማሳረፍ ነው። በየማዕዘኑና በየተወሰነ ርቀት ጉድጓድ ተቆፍሮ በማይንቀሳቀሰው አፈር ወይም በድንጋይ ላይ ፉቲንግ ይቀመጣል፤ ከዚያ ኮለን ይወጣል፤ ኮለኖቹን ግሬድ ቢም ያያይዛቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቀጥሎ ያለው ነው። ግሬድ ቢሙ መሬት ላይ ተደግፎ ከፈሰሰ አፈሩ ሲያብጥ ከሥር ይገፋውና ጥልቁ ፉቲንግ ጥቅም ያጣል። በቢሙና በአፈሩ መካከል ባዶ ቦታ መተው አለበት፤ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍተት በብዛት ይሠራበታል፣ ትክክለኛው መጠን ግን ከሚጠበቀው እብጠት ይወሰናል። ካሳፎርማው ከሥር ወጥቶ ክፍተቱ በእውነት ባዶ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ከውጭ አፈር እንዳይገባበትም በስስ የኮንክሪት ጠፍጣፋ ይጋረዳል። ወለሉም እንደዚሁ ነው። ቢሙ ተንጠልጥሎ ወለሉ መሬት ላይ ከተኛ ወለሉ ብቻውን ይነሣና የውስጥ ግድግዳዎችን ይዟቸው ይወጣል። በጀቱ የሚፈቅድ ከሆነ ወለሉም ከቢም ቢም የተዘረጋ ሶሌታ መሆን ይገባዋል።

በኮለኑ ጎን ያለው አፈርም ሲያብጥ ኮለኑን ጨብጦ ወደ ላይ ይስበዋል። ስለዚህ ፌሮው ከፉቲንጉ እስከ ቢሙ ሳይቋረጥ መሄድ አለበት፤ በኮለኑ ዙሪያ የሚመለሰውም አፈር የማያብጥ ቢሆን ይመረጣል። ኮለኑ በላስቲክ ከተጠቀለለ መያዣው ይቀንሳል። በሕንድ የሩርኪው ማዕከላዊ የሕንፃ ምርምር ተቋም በዚያ ጥቁር ጥጥ አፈር ለሚባለው መረሬ ያስፋፋው መፍትሔም የዚህ ዘመድ ነው፦ በእጅ መቆፈሪያ ጭምር የሚቆፈር ቀጭን ፓይል ሆኖ ታችኛው ጫፉ የግንዱን ዲያሜትር ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ሰፍቶ ይቆፈራል። የሰፋው ግርጌ ከታች ጸጥ ባለው አፈር ውስጥ ተይዞ የላይኛው አፈር ፓይሉን እንዳይነቅለው ያደርጋል። ትልቅ ማሽን ለማይገባበት ጠባብ ግቢ፣ የቆመ ቤትም ላለበት፣ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ማግኘት ይከብዳል።

ተቃራኒው መንገድ ወደ ጥልቀት ሳይወርዱ መላውን ክፍል በአንድ ግትር ማት ላይ ማስቀመጥ ነው። በጎድን ቢሞች የተጠናከረው ሶሌታ አፈሩ ሲጎብጥ አብሮ አይጎብጥም፤ እንደ አንድ አካል ይነሣል፣ ይወርዳል። በቴክሳስ አዲስ መኖሪያ ቤቶች በአብዛኛው የሚሠሩት በተወጠረ የብረት ገመድ በተጠናከረ እንዲህ ባለ ወለል ላይ ሲሆን፣ በኮሎራዶ ግን ጥልቅ ፓይልና ተንጠልጣይ ወለል ይመረጣል። ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባቸው የዳላስና የዴንቨር ዙሪያዎች በእነዚህ ሁለት ልማዶች ሥር ናቸው፤ በዳላስ በኩል ቤት የገዛ ሰው በበጋ የመሠረቱን ዙሪያ እንዲያጠጣ ሲመከር የሚገረመው አፈሩ ኮትቻ መሆኑን እስኪያውቅ ነው። በእስራኤልም አፉላ ባለችበት የይዝራኤል ሸለቆ ከባድ ሸክላ ላይ ፓይልና ከሥሩ ባዶ የተተወለት ቢም የተለመደ አሠራር ነው። ማት ለብቻው ለቆመ ሰርቪስ ቤት ጥሩ ነው። ከነባር ቤት ጋር ለተጣበቀ ክፍል ግን እንደ አንድ አካል መነሣቱ ራሱ ችግር ነው፤ ነባሩ አብሮት አይነሣምና።

ኖራ መቀላቀልም አለ። በክብደት ከ3 እስከ 8 በመቶ ኖራ በደንብ ሲዋሐድ የሸክላውን ጠባይ ይለውጣል፣ እብጠቱንም በእጅጉ ይቀንሳል። ለመንገድ ሥራ ይህ ዋና መሣሪያ ነው። በትንሽ ግቢ ግን በአካፋ እኩል ማዋሐድ ስለሚያስቸግር ከወለል ሥር ለሚገባ ሙሌት እንጂ ለመሠረቱ መተማመኛ መሆን የለበትም።

አሮጌውና አዲሱ የሚገናኙበት

ግንበኞች ነባሩን ቢም ሰብረው ፌሮውን አውጥተው ከአዲሱ ጋር ማሰርን እንደ ጥንካሬ ያዩታል። ሁለቱ መሠረቶች በአንድ ጥልቀት፣ በአንድ ዓይነት አፈርና በአንድ ዓይነት እርጥበት ላይ ካልሆኑ ማሰሩ ጥንካሬ አይደለም፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላውን የሚሰብርበት መንገድ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. የ1976ቱ ድርቅ የለንደንን ሸክላ ባደረቀ ጊዜ ከዋናው ቤት ባነሰ ጥልቀት የተመሠረቱ ወጣ ያሉ መስኮቶች፣ በረንዳዎችና የጓሮ ቅጥያዎች ከዋናው ቤት መለየታቸው ይህንኑ አሳይቷል፤ በሸክላ ላይ መሠረት ቢያንስ 1 ሜትር እንዲወርድ የሚጠይቀው አሠራርም ከዚያ ወዲህ ጸንቷል።

የሚያዋጣው ከሁለቱ አንዱን ቆርጦ መምረጥ ነው። ወይ አዲሱም ነባሩም በማይንቀሳቀስ ንብርብር ላይ ይቁሙና ይታሰሩ፤ ወይ ደግሞ ከመሠረት እስከ ጣሪያ የሚዘልቅ መለያያ ይተውላቸውና እያንዳንዱ በራሱ ይንቀሳቀስ። ነባሩ በ70 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ግንብ ላይ የቆመ ከሆነ፣ እንደ አብዛኛው ማለት ነው፣ ትክክለኛው ምርጫ መለያየት ነው። በመሐል የቆመ መፍትሔ፣ ከታች ተለያይቶ ከላይ የታሰረ ወይም ከታች ታስሮ ከላይ የተለያየ፣ ከሁለቱም ይከፋል።

መለያያ ማለት እውነተኛ ክፍተት ማለት ነው። አዲሱ ክፍል በነባሩ ግድግዳ ላይ አይደገፍም፤ የራሱን ኮለንና የራሱን ግድግዳ ይዞ አጠገቡ ይቆማል። አዲሱ ፉቲንግ የነባሩን እንዳይነካ ኮለኖቹ ወደ ውስጥ ገባ ይሉና ቢሙ ከእነርሱ አልፎ እየተንጠለጠለ እስከ ነባሩ ይደርሳል። ክፍተቱ ሲሚንቶ ወይም ልስን አይገባበትም፤ በሚጨመቅ ነገር ተሞልቶ በአንድ ወገን ብቻ በተሰካ ክዳን ይሸፈናል። ጣሪያው ላይ ቆርቆሮው ሁለት ሆኖ በመካከሉ ተደራራቢ ሽፋን ይደረግለታል። በበሩ ሥር ሴራሚክ ሳይቋረጥ ከተነጠፈ እዚያው ይሰነጠቃልና ደፉ ላይ የሚንሸራተት መጋጠሚያ ይቀመጣል። መለያያውን የሚያቋርጡ የውሃና የፍሳሽ ቧንቧዎች የሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ ይፈልጋሉ፤ ግድግዳ የሚያልፉበትም ቀዳዳ ከቧንቧው ሰፋ ማለት አለበት።

ከነባሩ መሠረት አጠገብ ጠለቅ ተብሎ ሲቆፈር በአንድ ጊዜ ሙሉውን ርዝመት መክፈት አደገኛ ነው። ከአንድ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ክፍልፋይ፣ አንዱን ከፍቶ፣ ሠርቶ፣ ዘግቶ፣ ከዚያ ራቅ ያለውን መክፈት ይገባል። በክረምት ይህ ሥራ ፈጽሞ አይሞከርም፤ የጠገበ መረሬ ግድግዳ ያለማስጠንቀቂያ ይደረመሳል፤ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሠራተኛም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ወቅት፣ ውሃና ዛፍ

አብዛኛው ሰው በበጋው መሐል መሠረት ያወጣል፤ ጭቃ የለም፣ ሥራው ይፈጥናል። በመጋቢት የተሰነጠቀ አፈር ላይ የፈሰሰ ኮንክሪት ግን የመጀመሪያው ክረምት ሲመጣ ሙሉውን እብጠት ይቀበላል። በነሐሴ በጠገበ አፈር ላይ የተሠራው ደግሞ ተቃራኒውን፣ ሙሉውን መውረድ ይቀበላል። ጥልቀት ለሌለው መሠረት የሚሻለው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ አፈሩ ጠጥቶ ግን ለመቆፈር በደረሰበት ጊዜ ነው። የተቆፈረው ቦይ ለሳምንታት ተከፍቶ ፀሐይ እንዲመታው መተው የለበትም፤ ወዲያውኑ ሊን ኮንክሪት ከሥሩ ይፍሰስበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ እርጥበቱ እንዳይለዋወጥ መጠበቅ ነው፤ ከመሠረቱ ዓይነት ባልተናነሰ ይህ ይወስናል፣ ገንዘቡም ከኮንክሪቱ ያነሰ ነው። አዲሱ ጣሪያ አሸንዳ ሊኖረው፣ አሸንዳውም ውሃውን ከቤቱ አርቆ ሊያፈስስ ይገባል፤ ጥግ ላይ የሚያንጠባጥብ አሸንዳ ከሌለው ይከፋል። በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘመመ፣ ከግድግዳው ጋር ያለው መጋጠሚያ የተደፈነ የኮንክሪት መርገጫ አፈሩን ከዝናብም ከፀሐይም ይከልላል። ከእርሱ ባሻገር መሬቱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሜትሮች በሜትር አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲያዘቀዝቅ ይደረጋል። ሴፕቲክ ታንክና የፍሳሽ ማስረጊያ ጉድጓድ ከሁለቱም መሠረቶች መራቅ አለባቸው፤ አዲሱ ክፍል በአሮጌ ሴፕቲክ ታንክ ላይ ወይም በደንብ ባልተሞላ ጉድጓድ ላይ እንዳይወድቅም ማጣራት ያስፈልጋል።

ባሕር ዛፍ ከሥሩ ዙሪያ ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ከቤት ያለው ርቀት ቢያንስ የቁመቱን ያህል ቢሆን ይመረጣል። ለቅጥያ ሲባል ዛፍ መቁረጥ ግን ሌላ ችግር ያስከትላል። ዛፉ ለዓመታት ያደረቀው አፈር ዛፉ ሲወገድ ቀስ በቀስ ውሃውን ይመልሳል፤ ለዓመታትም ይነሣል። ዛፉ በነበረበት ላይ ወዲያውኑ ክፍል ማቆም ካስፈለገ ጥልቅ መሠረትና ተንጠልጣይ ወለል ግዴታ ይሆናል።

የተሠራው ቅጥያ ቀድሞ የተለየ ከሆነ መጀመሪያ የሚደረገው ስንጥቁን መድፈን አይደለም። በስንጥቁ ላይ ስስ የጀሶ ማኅተም ተለጥፎ ቀኑ ይጻፍበታል፤ ወይም በሁለቱ ወገን ሁለት ሚስማር ተመትቶ በመካከላቸው ያለው ርቀት በየወሩ ይለካል። ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሳይታይ የመሠረት ጥገና መጀመር ገንዘብ ማባከን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሸንዳው ይስተካከላል፣ ቧንቧዎቹ ለፍሳሽ ይፈተሻሉ፣ መርገጫው ይፈስሳል። ከዚህ በኋላ እንቅስቃሴው ከቀነሰ መገናኛው ተቆርጦ ትክክለኛ መለያያ ይሠራለታል። ካልቀነሰ ብቻ ከሥር በክፍልፋይ እየተቆፈረ መሠረቱን ወደ ማይንቀሳቀሰው ንብርብር የማውረዱ ሥራ ይመጣል፤ ይህም በመሐንዲስ ስሌትና ክትትል የሚሠራ ነው።